ከአርባ በኋላ የሚቀረው ጸጸት

በነሐሴ 2013 መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች በዳባት ወረዳ ጭናን በያዙ ጊዜ ሲቪሎች ተገደሉ፤ በውጊያ መሀል ሬሳን በወጉ አልቅሶ መቅበር ከባድ ነበር። እንዲህ እናቱን የተነጠቀ ልጅ «ምነው ይዣት በወጣሁ» እያለ ራሱን ይከሳል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ዛሬ የሚያውቀውን ያን ዕለት አላወቀም፤ የገደላትም እሱ አይደለም። «ቁስሉን አትነካኩበት» የሚሉ አሉ። አሳባቸው ደግ ነው፤ ሆኖም ያልተነገረ ጸጸት በዝምታ አይሽርም፤ ድንኳኑ ሲነሳ ይብሳል እንጂ። ተዝካሩም ለነፍሷ ይገባል፤ ተበድሮ መደገስ ግን ራስን መቅጣት ነው። የደባርቅና የዳባት ዕድርተኞች ሆይ፣ ከአርባው በኋላም ሐዘንተኛውን ጠይቁት፤ ስለ እናቱ አስወሩት፣ ሲናገርም አታቋርጡት።