«ብሩ ለልጁ ብቻ ይድረስ» ስንል ልጁን እየጎዳን ይሆን?



ዛሬ ስለ ትኩሳት ወይም ስለ ክትባት አላወራም። የታመሙ ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን ስለሚረዱ በጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ በተለይ ደግሞ ስለሚመሯቸው ሰዎች የግሌን ሐሳብ ላካፍላችሁ።

ብዙ ጊዜ የምሰማው አባባል አለ፦ «እኔ እረዳለሁ፤ ግን ብሩ ለልጁ ብቻ ይድረስ፤ ለቢሮ ሰው ደመወዝ እንዳይሆን።» አባባሉ ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። በልጅ ፎቶ ብር የሚሰበስቡ አጭበርባሪዎች ባሉበት ጊዜ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እኔ ግን ይህ አባባል ሳናውቀው ልጁን ራሱን ይጎዳል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

📌 መድኃኒት ብቻውን አያድንም

የደም ካንሰርን እንውሰድ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ባደጉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከመቶው ከ80 በላይ ይድናሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ ብዙ አገሮች ግን 30 እንኳ አይሞሉም። ይህን ያህል ልዩነት የመጣው በመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም። ልጁ ዘግይቶ ሐኪም ጋ መድረሱና የተጀመረ ሕክምና መቋረጡም ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ሕክምና እንዴት ይቋረጣል? ገነተ ማርያም ያለች አንዲት እናትን አስቡ። ልጇ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንዲታከም ተላከ እንበል። በቻግኒና በእንጅባራ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። እቤት ሌሎች ልጆች አሉ፣ የሚታረም ማሳ አለ። አዲስ አበባ ዘመድ የላትም። ምናልባት የምትናገረው ጉምዝኛ ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው የኬሞ ዙር ካለቀ በኋላ ልጁ ፊቱ ይመለሳል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። እናትም «ተመስገን፣ ዳነልኝ» ብላ ወደ አገሯ ትመለሳለች። አልዳነም። በሽታው ተደብቆ ነው ያለው። ሕክምናው ካልቀጠለ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ለማከም በጣም ይከብዳል።

ይህችን እናት ከመሄዷ በፊት አስቀምጦ በቋንቋዋ የሚያስረዳት ማን ነው? የምታድርበት አልጋ የሚፈልግላት፣ የትራንስፖርት የሚሰጣት፣ በቀጠሮዋ ቀን ስትቀር ስልክ የሚደውልላት ማን ነው? በተጨናነቀ ክፍል የሚሠሩ ሐኪምና ነርስ ይህን ሁሉ አይችሉትም። ይህ የድርጅቱ ሠራተኛ ሥራ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ልጆች አሉት፤ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያ ደመወዝ ለልጁ ያልደረሰ ብር አይደለም። ለልጁ የደረሰው በዚያ ሰው በኩል ነው።

📌 በአገራችን እነማን መሩት?

አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በየነ ማቲዎስ የተባለ ልጃቸውን ገና በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር አጡ። በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ከመስጠት አልፎ የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ እንዲጠብቅ ከወተወቱት መካከል ነው። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስም ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚከርሙ ልጆችና ቤተሰቦቻቸው ማረፊያና ምግብ ያቀርባል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለው ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ በ1994 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ያኔ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ እርግማን ነው ብሎ እቤት ይደብቅ ነበር። ዛሬ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው በእሳቸው ድምፅ ነው።

የልጆች የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ ደግሞ የሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃን በ1981 ዓ.ም. ጀመሩ። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። መሐሉ 20 ዓመት ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ ደጅ መጥናት፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ልጆችን ውጭ አገር ልኮ ማሳከም። የአመራር ሥራ ማለት ይህ ነው። ፎቶ ላይ አይታይም።

📌 ያዘነ ልብ ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ልጁ የታመመበት ወላጅ ሌላው የማያየውን ያያል። እናት ሌሊቱን ኮሪደር ላይ እንደምታድር፣ አባት በሬውን ሸጦ እንደሚመጣ ያውቃል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ድርጅት አመራር ውስጥ ወላጅ መኖር አለበት፤ ለይስሙላ ሳይሆን ድምፅ ይዞ። ነገር ግን ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደፍሮ «አይሆንም» የሚል ቦርድ፣ የሕክምናውን ነገር የሚያውቅ ባለሙያም ያስፈልጋል።

ሌላው ስጋቴ ድርጅቱ የአንድ ሰው ሲሆን ነው። ወይዘሮ ዘሚ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ የብዙ ወላጆች የመጀመሪያ ጭንቀት «ልጆቻችንስ?» የሚል እንደነበር መገመት አያቅትም። የመሥራች ፍቅር አይወረስም፤ አሠራር ግን ይወረሳል። ስለዚህ ጥሩ መሪ በሕይወት እያለ ተተኪ ያዘጋጃል።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አንድ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ልጓም አለው ማለት ነው። «ዜሮ ይሁን» ግን አላለም። ዜሮ ቢሆን የሚደውልላችሁም፣ ሒሳቡን የሚያሳያችሁም ሰው አይኖርም።

📌 የእኛስ ክልል?

ቅሬታዬን እዚህ ላይ ልናገር። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ መነሻቸው አዲስ አበባ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሕክምናው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። አሁን ግን የልጆች ካንሰር ሕክምና ጎንደርና ጅማም አለ። ቤተሰብን የሚረዳውም ሥራ ከዋና ከተማው መውጣት አለበት። አሶሳና ፓዌ ቢያንስ አንድ አንድ ሰው ቢኖር፣ በርታኛ፣ ጉምዝኛ ወይም ሽናሽኛ የሚናገር፣ ሪፈር የተጻፈለትን ቤተሰብ ገና ከመነሳቱ በፊት የሚያገኝ፣ ስንት ልጅ ሕክምናውን በጨረሰ! ቦርዱ ውስጥም ልጁን ከሩቅ አምጥቶ ያሳከመ አንድ አባት ወይም እናት ይቀመጥ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ቅን ቢሆንም የዚህን መንገድ ርዝመት ሊያውቀው አይችልም።

📌 ብር ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

1. ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ገንዘቡ የሚገባው በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ?
2. የኦዲት ሪፖርት ያሳያል?
3. በአመራሩ ውስጥ የታመመ ልጅ ወላጅ አለ?
4. ሕክምና የጀመሩ ስንት ልጆች ናቸው? የጨረሱትስ ስንት? የጠፉትን ማን ይፈልጋል?
5. ከክልል ለሚመጣ ቤተሰብ ምን ያደርጋል?

ጥሩ መሪ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ደስ ይለዋል። «የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁም መብታችሁ ነው። ግን አራተኛውን ጥያቄ አትርሱ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

📌 ልጃችሁ እየታከመ ከሆነ

👉 ልጁ የተሻለው ቢመስላችሁም ሐኪሙን ሳትጠይቁ ሕክምና አታቋርጡ።
👉 ብር ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ንገሩ፤ የሚረዳ ድርጅት ካለ ያገናኟችኋል። አያሳፍርም።
👉 እቤት ያላችሁ ደግሞ፦ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚመላለስ ትኩሳት፣ መገርጣት፣ ያለ ምክንያት መድማት ወይም መበለዝ፣ የማይጠፋ እብጠት፣ የአጥንት ሕመም፣ በዓይን ብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ ካያችሁ ልጁን ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።
👉 የልጅን የጉሮሮ ሕመምም አትናቁት። በባክቴሪያ የመጣው ዓይነት በወቅቱ ካልታከመ የልብ በሽታ ሊያስከትል ይችላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ልጃችሁን ከክልል ይዛችሁ ወጥታችሁ ያሳከማችሁ ካላችሁ፣ ምን እንደረዳችሁና ምን እንደጎደለባችሁ ከታች ጻፉልን። ለሌላ ወላጅ መንገድ ይሆነዋል። ለሚያስፈልገውም አጋሩት።