የኤሊ ገንዳና የውሃ ማጣሪያው



ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚነገርበት በዚህ ዓምድ ዛሬ ስለ ኤሊ ገንዳ ማውሳታችን ለአንዳንዱ አንባቢ እንደ ቀልድ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ውሃ በገንዘብ በሚገዛበት ሰፈር ለሚኖር ቤተ ሰብ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

የምንኖረው ከጁባ ከተማ በስተ ምዕራብ በኩል ባለው በጉዴሌ ሰፈር ነው። ነጭ ዓባይ፥ በዚያ አገር ባሕር ኤል ጀበል የሚባለው፥ በከተማው በስተ ምሥራቅ ይፈሳል። ውሃው ግን ወደ ደጃችን የሚደርሰው በቧንቧ ሳይሆን በቦቴ መኪና ተጭኖ ነው። በዚህ ሥራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ስለ ተሰማሩበት፥ ውሃው ወደ ሮቶው ሲንቆረቆር የሚሰማው ሰላምታ አንዳንድ ጊዜ በአማርኛ፥ አንዳንድ ጊዜም በትግርኛ ነው።

ባለፈው ዓመት በዝናቡ ወራት የስድስት ዓመት ልጃችን ቅርፊቷ በመኪና ጎማ የተሰነጠቀ አንዲት ኤሊ ከመንገድ ዳር ቦይ አንሥታ መጣች። ይህች በትግርኛ ጎብየ የምንላት ፍጥረት አንገቷን ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ሥር የምትሸሽግ የረግረግ ኤሊ ነበረች። ስብራቷ እስኪድን ድረስ በማለት ሁለት መቶ ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ አኖርናት፤ አንድ ትንሽ ማጣሪያም ገዝተን አደረግንላት። ቁስሏ ጠገገ፤ ልጃችንም በየማለዳው ትሎችን እየለቀመች ትመግባት ጀመር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንጽፍ ጥፋቱ የራሳችን መሆኑን ሳንደብቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀን ማጣሪያውን ፈታትተን፥ ስፖንጁንም ጠጠሩንም በክሎሪን ውሃ አጥበን፥ ነጭ እስኪሆን ድረስ አጸዳነው። በሥራችንም ተደሰትን። በአራተኛው ቀን ገንዳው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አመጣ፤ የኤሊቱ ዓይኖች አብጠው ተከደኑ፤ መብልም እንቢ አለች። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ልጃችን «ምን አድርገናት ነው?» ብላ በጠየቀችን ጊዜ የምንመልሰው አጣን።

በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ምክንያቱን አስረዱን። ማጣሪያ ሥራው ሦስት ነው። አንደኛው በዓይን የሚታየውን ጉድፍ መያዝ ነው፤ ይህን ስፖንጁ ይሠራዋል። ሁለተኛው ሽታንና ቀለምን መቀነስ ነው፤ ይህም የከሰል ሥራ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ከኤሊቱ ኩስና ከተረፈው መብል አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እኛ እድፍ ነው ብለን በክሎሪን ያጠብነው እነዚህኑ ሠራተኞች ነበር። በአዲስ ማጣሪያ ላይ እንደገና እስኪበዙ ድረስም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ወደ ሌላ አገር የተዛወሩ አንድ የሥራ ባልደረባችን ኤሊያቸውን ለልጃችን ትተውላት ሄዱ። በዚህ ጊዜ ከጥፋታችን የተማርነውን በሥራ ላይ አዋልን። ለአንባቢዎቻችንም እንደሚከተለው እናቀርባለን።

መጀመሪያ ስለ መምረጥ። ኤሊ ከዓሣ ይልቅ ውሃን እጅግ ታቆሽሻለች። ስለዚህ ገንዳው ሁለት መቶ ሊትር ቢይዝ፥ ማጣሪያው ከአራት መቶ እስከ ስድስት መቶ ሊትር ለሚይዝ ገንዳ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። የተዘጋ ማጣሪያ መልካም ቢሆንም፥ መብራት ለብዙ ሰዓት በሚጠፋበት ቦታ በውስጡ ያሉት ሕያዋን አየር አጥተው ይሞታሉ። እኛም በዚህ ምክንያት አንድ ባልዲ ከሥሩ በስተን፥ ስፖንጅና የታጠበ ጠጠር ሞልተን፥ ከገንዳው በላይ አስቀመጥነው። ትንሿ ፓምፕ በፀሐይ ኃይል ውሃውን ወደ ባልዲው ትገፋለች፤ ውሃውም ተጣርቶ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ፓምፗ ብትቆም እንኳ ባልዲው ክፍት ስለ ሆነ አየር አያጣም።

ሁለተኛ ስለ አያያዝ። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ይጨመቅ፤ ሳሙናም ክሎሪንም አይንካው። ስፖንጁና ጠጠሩ በአንድ ቀን አይታጠቡ። በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ አራተኛው እጅ ይለወጥ። አዲሱ ውሃ ክሎሪን ያለበት እንደ ሆነ በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። በዝናብ ወራት ወንዙ ሲደፈርስ ደግሞ ጭቃው እስኪዘቅጥ መታገሥ ያስፈልጋል። በሱዳን በዓባይ ዳር የሚኖሩ ሴቶች የሞሪንጋን ፍሬ ወቅጠው የደፈረሰ ውሃ ያጠሩበት እንደ ነበር የታወቀ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የጁባ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ስለሚደርስ ገንዳው ከፊሉ በጥላ ሥር ይሁን።

ሦስተኛ ስለ ጤና። ኤሊ ጤነኛ መስላ እያለች ሳልሞኔላ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ተሸክማ ልትገኝ ትችላለች። የአሜሪካ መንግሥት ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ ኤሊዎች እንዳይሸጡ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. የከለከለው፥ ሕፃናት ወደ አፋቸው እያስገቧቸው ስለሚታመሙ ነበር። ማጣሪያው ይህን በሽታ አያስወግድም። ስለዚህ ስፖንጁ በወጥ ቤት ዕቃ ውስጥ ከቶ አይታጠብ፤ ኤሊቱን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም አይንኳት።

አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ገንዳውን አይተው፥ «ልጄ፥ ሰው ውሃ በጀሪካን እየቆጠረ በሚኖርበት ሰፈር ይህን ሁሉ ለኤሊ ማፍሰስ ነውር አይሆንም?» አሉን። ጥያቄያቸው እውነት ነበርና በማክበር እንዲህ ብለን መለስንላቸው፦ «እማማ፥ ማጣሪያው ባይኖር ውሃውን በሳምንት ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነበረብን፤ ይህም ስድስት መቶ ሊትር ማለት ሦስት በርሜል ነው። አሁን የምንለውጠው ግን ሃምሳ ሊትር ነው፤ እርሱም ከማንጎው ሥር ይፈሳል።» እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፥ «እንግዲያስ ማንጎው ሲደርስ ድርሻዬን እንዳትረሱ» አሉን።

በመጨረሻ ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ቃል እንጨምራለን። ኤሊ ብዙ አሥር ዓመታት ትኖራለች፤ እኛ ግን ዛሬ እዚህ፥ ነገ እዚያ እንዛወራለን። ስለዚህ ለልጅ ማጫወቻ ተብሎ ጤነኛ ኤሊ ከወንዝ አይያዝ። በእጅ የገባችውን ግን በሚገባ መጠበቅ ይገባል። ልጃችን አሁን በየቅዳሜው ስፖንጁን ራሷ ትጨምቃለች፤ ክሎሪኑም ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ እንዳለ በዓይኗ አይታ ካላረጋገጠች ሥራዋን አትጀምርም።