ከቫርኒሹ በታች

ሰሞኑን ሐሳቤን ይዞ የሰነበተው አንድ የዛገ ብሎን ነው። ውድ አንባቢያን፣ ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ ስለ ብሎን መጻፌ ድፍረት ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም። ይሁንና ይህ ብሎን የነገረኝን ያህል እስከ ዛሬ ከተገኘሁባቸው የሥነ ጽሑፍ ምሽቶች አንዱም አልነገረኝምና ዝም ብል ይከነክነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ ዘመናችን አብሮኝ ግጥም ይጽፍ የነበረ አንድ ወዳጄ ዛሬ በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ይኖራል። ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ባሕር ዳር ተወልዶ ጣናን እያየ ያደገ ሰው ነውና ውኃ ካላየ አይሆንለትም። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፋይበር ግላስ የተሠራች፣ 28 ጫማ የምትረዝም ጀልባ ናት። ዋጋዋ ካገለገለ ታክሲ ያነሰ ነበር። ርካሽነቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። መርከበኛው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ግራና ቀኝ የከበበው የእንጨት ሰሌዳ ተሰነጣጥቋል። ከሰሌዳው ጎን ያሉት፣ ሁለቱ ዊንቾች የተተከሉባቸው መደገፊያዎች ደግሞ በእጅ ሲገፏቸው ይነቃነቃሉ።

በአማርኛችን መርከብ፣ ሸራ፣ መልህቅ፣ መቅዘፊያ የሚሉ ቃላት አሉን። የሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍን ያነበበ ሰው፣ ጳውሎስን የጫነችው መርከብ በማዕበል ስትናጥ መርከበኞቹ ዙሪያዋን በገመድ እንዳሰሯት፣ ከኋላዋም አራት መልህቅ እንደጣሉ ያስታውሳል። ለዚህ ሰሌዳ ግን የተለየ ስም አላገኘሁለትም። እኔ «ክፈፍ» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ያርመኝ።

ክፈፉ ለጌጥ የተቀመጠ የሚመስለው የባሕር ሰው ላልሆነ ነው። ማዕበሉ የሚረጨው ውኃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ የሚከለክለው እርሱ ነው። ጀልባዋ በነፋስ ኃይል ወደ ጎን ስታዘነብል መርከበኛው ጀርባውን የሚያስደግፈውም በእርሱ ላይ ነው። ዊንቹ የባሰ ሸክም አለበት። የፊተኛውን ሸራ የሚይዘው ገመድ በዊንቹ በርሜል ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ነፋሱ ሲበረታ እንዲህ ባለች ጀልባ ላይ የገመዱ ጉተታ እስከ ሁለት ኩንታል ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ ኃይል ከገመዱ ወደ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ ወደ ብሎኖቹ፣ ከብሎኖቹ ወደ መደገፊያው ይወርዳል። መደገፊያው ከከዳ ዊንቹ ተነቅሎ ይወረወራል፤ በዚያ አቅጣጫ የተቀመጠ ሰው ካለ እግዚአብሔር ይሁነው።

ወዳጄ ታዲያ፣ «አንተ የባንክ ሰው ነህ፤ እስኪ ሒሳቡን ሥራልኝ፤ ልጠግናት ወይስ ልሽጣት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሠራሁለት። የማሆጋኒውን ጣውላ፣ የኢፖክሲውን፣ የነሐስ ብሎኖቹን ዋጋ ደመርኩ። የሚያጠፋውንም ሰዓት በታክሲ ገቢው ልክ ተመንኩ። ድምሩ ከጀልባዋ መግዣ በለጠ። «ሽጣት» ብዬ ጻፍኩለት። በዚህ ባበቃሁ ምንኛ በተሻለ! «ለእርሷ የምታባክነውን ጊዜ ለግጥም ብታውለው ኖሮ እስከ ዛሬ አንድ መድበል ይወጣህ ነበር» የሚል ምራቂም አከልኩበት። አራት ወር ሙሉ አልመለሰልኝም።

ዝምታውን የሰበረው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ከዊንቹ ሥር የወጣ የማይዝግ ብረት ብሎን በመዳፉ ይዟል። አናቱ እንደ አዲስ ያበራል፤ ጫፉም ደህና ነው። መካከሉ ግን አይጥ የበላው ሻማ መስሎ ቀጥኗል። ኋላ እንዳስረዳኝ፣ «የማይዝግ» የሚባለው ብረት ሳይዝግ የሚኖረው አየር እስካገኘ ድረስ ነው። እርጥብ እንጨት ውስጥ አየር አጥቶ ሲታፈን ከውጭ ምንም ሳያሳይ ከውስጥ ይበላል። እንጨቱንም ቢሆን ያበሰበሰው ባሕሩ አልነበረም። ጨው የእንጨት አበስባሽ ፈንገስን ያዳክማል። የሚፈራው ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ነው። መደገፊያው አንዲት ፀጉር ታህል ሲነቃነቅ በብሎኑ ዙሪያ ያለው ማጣበቂያ ይላቀቃል፤ በዚያች ስንጥቅ ጠብታ ይገባል፤ የገባውም አይወጣም። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች በየዓመቱ ቫርኒሽ ይቀቧት እንደነበር ከሽፋኑ ውፍረት ያስታውቃል። በተቀባች ቁጥር ታምር ነበር፤ ከሥሩ ግን መበስበሱ ቀጥሎ ነበር።

ጥገናውን በየእሑዱ ያካሂደው ጀመር። ብሎን መፍታት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ከላይ በካቻቪቴ አናቱን ይይዛል፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ባለ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ገብቶ ዳዶውን ይፈታል። (ተጣጥፎ የገባው ማን እንደሆነ ልብ ይሏል።) የተሰነጠቀውን ክፈፍ አልጣለውም፤ በካርቶን ላይ አጋድሞ ቅርጹን ነደፈበት። ወፍራም ጣውላ በግድ ቢታጠፍ ይሰነጠቃልና ማሆጋኒውን በስስ በስሱ ሰንጥቆ፣ በኢፖክሲ እየደራረበ፣ በሞርሳ አስሮ ቅስት አወጣለት። የዊንቹን ቀዳዳዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ በትራፓኖ አሰፋቸው። ከመርከቡ ወለል ውስጥ የበሰበሰውን በማንኪያ ጠርጎ አወጣ፤ ባዶውን በወፈረ ኢፖክሲ ሞላና ሲደርቅ በመሐሉ በስቶ አዲሱን ብሎን አሳለፈ። ከእንግዲህ ብሎኑ እንጨት አይነካም፤ ውኃ ሾልኮ ቢገባም የሚያበሰብሰው አያገኝም። ከሥር ደግሞ ሸክሙን የሚያሰፋ የነሐስ ሰሌዳ አደረገ።

ከሁሉ ያስጨነቀው የመደገፊያው ዘንበል ማለት ነበር። ገመዱ ወደ በርሜሉ የሚመጣው ከትንሽ ዝቅታ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንዱ ጥምጥም በሌላው ላይ ይወጣና ራሱን በራሱ ያንቃል፤ በነፋስ መሐል ደግሞ እጅ አይፈታውም። ለዚህች ጥቂት ዲግሪ ሦስት እሑድ ፈጀ። ቫርኒሹ የመጣው በመጨረሻ ነው።

ይህን ሁሉ እየጻፈልኝ ሳለ የአሜሪካዊውን መርከበኛ የጆሹዋ ስሎከምን መጽሐፍ አንብብ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1900 የታተመ ነው። ስሎከም በማሳቹሴትስ፣ ፌርሄቨን በምትባል ቦታ ሜዳ ላይ የተጣለች «ስፕሬይ» የተሰኘች አሮጌ መርከብ በነጻ ተሰጠችው። ሳንቃዋን በሳንቃ እየተካ እንደገና ሠራት። ከዚያም በሚያዝያ 1895 ከቦስተን ተነሥቶ በሰኔ 1898 ኒውፖርት ሲገባ፣ ከ46,000 ማይል በላይ ተጉዞ ዓለምን ለብቻው በመርከብ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እኔን የባንክ ሠራተኛውን ግን የያዘኝ ሌላ ነው። ስሎከም ለዕቃ ያወጣውን 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ብሎ እስከ ሳንቲሟ ይመዘግባል። 13 ወር የፈጀውን የራሱን ጉልበት ደግሞ ወሩን ብቻ ጠቅሶ ያልፋል፤ ዋጋ አይሰጠውም። እኔ ለወዳጄ በሠራሁት ሒሳብ ውስጥ የተሳሳተችው መስመር ይህችው ነበረች። እሑዶቹን በወጪ በኩል ጻፍኳቸው። ማን ወጪ ናቸው አለኝ?

ስሎከም ስለ ስሟም ይከራከራል። ሳንቃዋ ሁሉ ከተቀየረ ያችው ስፕሬይ ናት ወይስ ሌላ? የሎይድስን የመድን ሕግ ጠቅሶ፣ አሮጌዋ ቀስ በቀስ በጥገና ብትታደስ ስሟ አይለወጥም ይላል። ይህንን ለወዳጄ ባነሣለት በባሕር ዳር ልጅነቱ ሳቀብኝ። «በእኛ ዘንድ ታንኳ አይጠገንም» አለኝ። ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ቢያደርቁት ጥቂት ጊዜ ይገፋል፤ ሲያበቃ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። የሚቀረው የሚያስረው እጅ ነው።

በበኩሌ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ግጥምም ሁለት ዓይነት ነውና። አዝማሪው ለሠርጉ ምሽት የሚያወርደው ስንኝ ታንኳ ነው፤ ሌሊቱን ያሻግራል፣ በማግሥቱ ሌላ ይታሰራል፤ እርሱን ቁጭ ብሎ ማረም ቂልነት ነው። አሳትመን «መድበል» ብለን ለሰው የምንሸጠው ግን ሰው በማናውቀው ሌሊት ጀርባውን የሚያስደግፍበት ነው። ይህንንም እንደ ታንኳ በአንድ ምሽት እናስረዋለን፤ ከዚያ በቫርኒሽ እናብረቀርቀዋለን። እንደ እኔ እምነት የዘመናችን ግጥም ትልቁ ሕመም ይህ ነው። ቫርኒሹም ቤት መምታት ነው።

በሌላ ሰው ላይ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ላቅርብ። ከዓመታት በፊት በአንድ መድረክ አንብቤው የተጨበጨበልኝ ግጥም እንዲህ የሚሉ መስመሮች አሉት፦

ጨረቃ ወጣች ደምቃ፣ ሌሊቱን በብር አጥምቃ፤
ልቤም ነቃች ከእንቅልፏ፣ ናፍቆትሽን ታጥቃ።

ደስ አይልም? ለዓመታት ደስ ብሎኝ ኖሬአለሁ። የብሎኑን ፎቶግራፍ ካየሁ በኋላ ግን ያቺን «ታጥቃ» በጣቴ ገፋ ባደርጋት ተነቃነቀች። ናፍቆት የሚታጠቁት ነገር የሆነው «ደምቃ» ስለጠራችው ብቻ ነው። ልቤን ሴት ያደረግኋትም ለዚሁ ነው። ጨረቃዋን ደግሞ የዚያን ሌሊት ጨርሶ አላየኋትም፤ ክረምት ነበር። የሆነው ነገር ሌላ ነው፤ የናፈቅኋት ልጅ ስልኳን ሳታነሣ ቀርታ በር ላይ ቆሜ ዝናብ መትቶኝ ነበር። ግጥሙ የሚሸከመው ያንን ነበር፤ እኔ ግን ብር ቀባሁበት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ቃል እየለወጥኩ «አረምኩት» ያልኩት ሁሉ ሌላ ቫርኒሽ መደረብ ሆኖ አገኘሁት።

አንዳንዶች «ግጥም እንደመጣለት ካልተተወ ነፍሱ ይጠፋል» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም ስል ኖሬአለሁ። ያልታረመ ግጥም ንጹሕ ነው የሚለው ግን ያልተፈታ ብሎን ደህና ነው እንደማለት ነው፤ አናቱ ስላበራ።

ባለፈው እሑድ ወዳጄ ስልክ ደወለ። በእነርሱ ማለዳ፣ በእኛ ምሽት ነበር። «ዝም ብለህ ስማ» ብሎ ስልኩን ወደ ዊንቹ አስጠጋና እጀታውን አዞረው። ከበርሜሉ ውስጥ ቀጭን የብረት ድምፅ መጣ፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ፣ ትክ፤ ሳይናወጥ። ስለዚያ ስለ ምራቂዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም። ይልቁንስ፣ «ግጥሙን ምን አደረግኸው?» አለኝ።

«ሁለቱን መስመር ነቅያቸዋለሁ» አልኩት። «የሚተካቸው ገና አልመጣም፤ ቦታው እንደተከፈተ ነው።»

«እንግዲያው እስኪመጣ ድረስ ሸራ አልብሰው» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።