«የባህል መድኃኒት ይጠቀማሉ?» የሚለው ጥያቄ ምን ይለካል?

የስኳር ሕሙማን ከሐኪም ትእዛዝ ጎን ለጎን የሚወስዱትን የሚመረምሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ «የባህል መድኃኒት ይጠቀማሉ?» ከሚል መጠይቅ ይነሣሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስሕተቱ ከዚሁ ጥያቄ እንደሚጀምር ያምናል።

መርካቶ፣ የውጭ ሸቀጥ በሚበዛበት ዱባይ ተራ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚነግድ አንድ የስኳር ሕመምተኛ እናስብ። ጠዋት የተዘፈዘፈ አብሽ ይጠጣል፤ ከሰዓት የሽፈራው ሻይ ያስመጣል፤ እሑድ ጠበል ይጠጣል። ለመጠይቁ «አልጠቀምም» ብሎ ይመልሳል፤ አልዋሸምም። አብሽ ለእርሱ ምግብ ነው። ሽፈራውም ቢሆን ኮንሶዎች ከእህል ጋር ቀቅለው የሚበሉት ቅጠል ነው። ጠበልን ከመድኃኒት መቁጠርማ ለእርሱ ድፍረት ነው። እንግዲህ «ከመቶ ይህን ያህሉ ይጠቀማል» የሚለው አኀዝ የሚለካው ድርጊቱን ሳይሆን ሕመምተኛው ለቃሉ የሰጠውን ትርጉም ነው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ያው ነጋዴ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ከሆነ፣ አብሽም የደም ስኳርን የመቀነስ ባሕርይ ስላለው፣ በጾም ወይም ገበያ ደርቶ ምሳ ባለፈው ቀን ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላቡና የእጁ መንቀጥቀጥ የሥራ ድካም መስሎ ይታለፋል። የባሰው ደግሞ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ወጣት ኢንሱሊኑን ትቶ በዕፅ ሲተካ ነው፤ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

«ተፈጥሯዊ» ተብሎ ታሽጎ የሚመጣ እንክብልም ዋስትና የለውም። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ ለወሲብ ብርታት በተሸጡ ምርቶች ግሊቤንክላማይድ ተደብቆ ተገኝቷል፤ ስኳር የሌለባቸው 150 ሰዎች ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ሆስፒታል ሲገቡ አራቱ ሞተዋል። (ዕፅን በጅምላ የሚንቁ ባልደረቦቼ ግን በየዕለቱ የሚያዙት ሜትፎርሚን የዘር ሐረጉ ጋሌጋ ከተባለ የአውሮፓ ዕፅ እንደሚመዘዝ አይርሱ።)

ስለዚህ መጠይቁ በስም ይጠይቅ፤ አብሽ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ጠበል። ስንት ማንኪያ? ከኪኒኑ በፊት ወይስ በኋላ? ማን መከረዎት? ጠያቂውም ነጭ ጋዋኑን አውልቆ፣ ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት ወደ ሱቁ ይሂድ። ዕፅ ሻጮችም ይጠየቁ፤ ሰፍረው የሚሸጡት ዱቄት ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ይታይ። «ኪኒንዎን ትተው ይህን ብቻ የወሰዱበት ቀን አለ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉም በኋላ፣ ሻይ ከቀረበ ወዲያ ይምጣ።