ጎማውን የሰጠው ከመዝገብ አይፋቅ

ባለፈው ጥር ወር በአንድ ቅዳሜና እሑድ በአስመራ ክለቦች መካከል የተደረገው የሁለት ቀን የአማተር ብስክሌት ውድድር መፈጸሙን፣ አሸናፊውም ዋንጫውን መረከቡን በዚሁ ዓምድ አጠገብ መግለጻችን ይታወሳል። በዚያ ዜና ያልገለጽነው ነገር ስለ ነበረ ዛሬ እንመለስበታለን። ያልገለጽነውም ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። አይተን ነበር፤ ነገር ግን እንደ ልማዳችን የአንደኛውን ፎቶግራፍ አውጥተን፣ ከሥሩ የሦስት ሰዎች ስም ደርድረን ጉዳዩን ዘጋነው።

ውድድሩ ሁለት ምዕራፍ ነበረው። የቅዳሜው ወደ መንደፈራ በሚወስደው መንገድ ሄዶ የሚመለስ ሲሆን፣ የእሑዱ ደግሞ ከአስመራ ተነሥቶ በደቀምሐረ፣ በማይ ሐባርና በነፋሲት ዞሮ የአርባሮባን አቀበት በመውጣት እንደገና አስመራ የሚገባው፣ ብስክሌተኞቻችን ጠንቅቀው የሚያውቁት አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ዙሪያ ነው። የሁለቱ ቀን ሰዓት ተደምሮ አነስተኛ የሆነለት አሸናፊ ይሆናል። ደንቡ ይኸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር።

ብስክሌት ለማያዘወትረው አንባቢያችን አንድ ነገር ማስረዳት ይገባናል። ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ውድድሩ የእያንዳንዱ እግር ከእያንዳንዱ እግር ጋር የሚያደርገው ግብግብ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው ጉልበቱን የሚጨርስበት ዋናው ጠላት መንገዱ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ከፊቱ ሌላ ብስክሌተኛ ካለና ጎማውን ወደዚያው ሰው ጎማ አስጠግቶ ከተከተለ፣ ከድካሙ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርሰው ይቀርለታል። የቀረለት ድካም ግን ጠፍቶ አልቀረም፤ ከፊት ያለው ተሸክሞታል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ተከታዩ ከኋላ ሳይሆን ነፋሱ ከሚነፍስበት በተቃራኒው ጎን ፈንጠር ብሎ መሄድ ስላለበት፣ ጋላቢዎቹ በመንገዱ ስፋት ልክ ሰያፍ መስመር ሠርተው ይሰለፋሉ። በመስመሩ ላይ ቦታ ያላገኘ በመንገዱ ጠርዝ ብቻውን ነፋስ ሲመታው ይውልና ይነጠላል። ቅዳሜ ዕለት በመንደፈራው መንገድ ሜዳ ላይ የታየው ይህ ነበር። ኋላ ዋንጫውን የወሰደው ወጣት በዚያ ቀን አንድም ጊዜ ከፊት ወጥቶ ነፋስ ሲመታ አላየነውም። ይህን የምንለው ልንነቅፈው አይደለም፤ የክለቡ ውሳኔ ነበርና። አራት ጓደኞቹ በየተራ ከፊት እየወጡ ሸፈኑት፤ ሲደክማቸውም ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ እንደገና ተራቸውን ጠበቁ። በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ያልደከመ እግር የነበረው እርሱ ብቻ ስለሆነ በጥቂት ሴኮንዶች ብልጫ ቀደመ።

እሑድ ጠዋት አስመራ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋም ገና ሳትሞቅ ደምቃ ነበር። በጥር ወር ከተማችን እንዲህ መሆኗን ማንም ያውቃል፤ እንደዚሁም ሁሉ የደጋው ጠርዝ ታልፎ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ ከቀይ ባሕር የሚወጣው እርጥብ አየር ከገደሉ ጋር ተጋጭቶ ጉምና ካፊያ እንደሚሆን፣ የደጋው በጋ የባሕሪ ዝናብ ወራት እንደሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ማወቅና መዘጋጀት አንድ አይደሉም። በደረቁ ፀሐይ አጭር እጀታ ለብሰው የተነሡት ልጆች ከደቀምሐረ ወዲያ ማይ ሐባርን ሲጠጉ ጉሙ ዋጣቸው። ከነፋሲት በላይ ያለው የደብረ ቢዘን ተራራ እንኳ አልታየም። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ።

እርጥብ ቁልቁለት በብስክሌት ምን ማለት እንደሆነ ከባድ መኪና በዚያ መንገድ የነዳ ሾፌር በከፊል ይገባው ይሆናል። ቸርኬው ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውኃውን ጠርጎ እስኪያደርቀው ድረስ አይዝም፤ ስለዚህ ኩርባው ላይ ሳይሆን ከኩርባው አስቀድሞ፣ በመጠኑ፣ ደጋግሞ መያዝ ያስፈልጋል። ከመኪና የፈሰሰ ዘይትና በአስፋልቱ ላይ የተቀባው ቀለም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከፊት ያለው ጎማ የሚረጨው ጭቃ ዓይን ያሳውራል፤ በዚህ ምክንያት በደረቅ ጊዜ አንድ ስንዝር የነበረው ርቀት በዝናብ ጊዜ ሁለትና ሦስት ክንድ መሆን አለበት። ከፊት የሚሄደው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፤ እጁን ከመሪው ማንሣት ካልቻለ ይጮኻል። ጩኸቱን የሰማ ለኋላው ያስተላልፋል። በጉም ውስጥ በቅምብቢት የተጓዘ ወታደር ይህን ሥርዓት ሌላ ሰው እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

በዚህ ቁልቁለት ላይ፣ ወደ ነፋሲት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ፣ የቅዳሜው መሪ የፊት ጎማው ፈነዳ። ዝናብ ስለታም ጠጠር ከገደሉ አጥቦ ወደ መንገድ ስለሚያወርድና እርጥብ ጎማ ደግሞ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ስለሚቆረጥ፣ በእንዲህ ያለ ቀን የጎማ መፈንዳት እንግዳ ነገር አይደለም። መለዋወጫ ጎማ የጫነችው መኪና ለውድድሩ በጠቅላላ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም በጉሙ ምክንያት ከመጨረሻዎቹ ጋላቢዎች ኋላ ታግታ ነበር። ትልልቆቹ ቡድኖች በየፊናቸው መኪናና መካኒክ ይዘው የሚከተሉበትን ውድድር በቴሌቪዥን ማየት የለመደ ሰው፣ የአማተር ውድድር እንዲህ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ከአራቱ ጓደኞቹ አንዱ ቆመ። ዕድሜው ከሁሉም ያነሰ ነው። የራሱን የፊት ጎማ ፈትቶ ሰጠው፤ የፈነዳውን ተቀበለ፤ ጀርባውን ገፍቶ «ሂድ፣ እኔን አትጠብቅ» አለው። ከሌሎቹ ጓደኞች ሁለቱ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁትና በአርባሮባ አቀበት ላይ በየተራ ከፊት እየሳቡ ወደ ቀደሙት አደረሱት። የቀረው አንዱም ሥራ አልፈታም፤ ከቀደሙት ጋር እየሄደ፣ ከፊት ለመሳብ ተራው ሲደርስ እንቢ እያለ ፍጥነታቸውን ይገታ ነበር። ይህም በብስክሌት ሕግ የተፈቀደ፣ ከብልሃትም የሚቆጠር ነው። በዚህ ሁኔታ አስመራ ሲገቡ የቅዳሜው ብልጫ ተርፎ ነበር። ዋንጫው ተገኘ።

ጎማውን የሰጠው ልጅ ግን በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ቀረ። በመንገዱ ዳር የጥበቃ ተረኛ የነበሩ ወታደሮች ፕላስቲክ አልብሰው፣ ትኩስ ሻይ ሰጥተው፣ ወደ ላይ በምትወጣ ከባድ መኪና እንዲሳፈር ቢለምኑት አሻፈረኝ አለ፤ የተሳፈረ ከውድድር ይሰረዛልና። መኪናዋ ደርሳ ጎማ እስክትሰጠው ድረስ ጠበቀ። ከነፋሲት እስከ አስመራ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታውም ከ600 ሜትር በላይ የሆነውን አቀበት ብቻውን ወጣ። ሲደርስ የመድረሻው ባንዲራ ተጠቅልሎ፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሄዶ፣ ወንበሩ እየተጫነ ነበር። በውጤት መዝገቡም ላይ ከስሙ አጠገብ «በጊዜ ገደቡ አልገባም» የሚል ተጽፎ፣ የሁለት ቀን ሰዓቱ ተሰርዞ ተገኘ።

በዚህ ነገር አዘጋጆቹን ልንወቅስ አንቸኩልም። የጊዜ ገደብ በየትም አገር የምዕራፍ ውድድር ያለ ደንብ ነው፤ ከአንደኛው ሰዓት በመቶኛ ተሰልቶ የሚወሰነውም ሰነፍ በመጀመሪያው ቀን ተኝቶ በሁለተኛው ቀን እንዳይነሣ ነው። ዳኞቹም ደንባቸውን ጠብቀዋል። ይሁን እንጂ በዚሁ ደንብ በብዙ አገሮች እንደሚደረገው፣ ልዩ ምክንያት ሲያጋጥም ዳኞች ገደቡን ሊያነሡ የሚችሉበት ሥልጣን አለ። ያን ሥልጣን ለመጠቀም ግን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የክለቡ ኃላፊ በዋንጫው ደስታ ተይዞ አልጠየቀም፤ አሸናፊውም አልጠየቀም። እኛም እዚያው ቆመን ስንጽፍ አልጠየቅንም።

ጣሊያኖች በብስክሌት ቡድን ውስጥ ለመሪው የሚደክመውን ሰው «ግሬጋሪዮ» ብለው ይጠሩታል። በአስመራ የብስክሌት ሰዎች ዘንድ ይህ ስም እንግዳ አይደለም። ከየት እንደ መጣ ግን ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለንም። ከጥንቱ ላቲን የወረሱት ሲሆን፣ በሮማውያን ዘንድ ማዕርግ የሌለው ተራ ወታደር የሚጠራበት ቃል ነበር። ብስክሌት የስፖርት ቃሉን ከጦር ሠፈር መዋሱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በጣሊያን ዙሪያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1940 የጂኖ ባርታሊ ግሬጋሪዮ እንዲሆን የተቀጠረው የ20 ዓመቱ ፋውስቶ ኮፒ፣ መሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወድቆ በመጎዳቱ ምክንያት ራሱ መሪ ሆኖ ውድድሩን አሸንፏል። እንግዲህ ግሬጋሪዮ ማለት ጉልበት ያነሰው ማለት አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ለጉዳያችን የሚቀርበው የፈረንሳዊው ሬኔ ቪዬቶ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በተደረገው የፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር ይህ የ20 ዓመት ወጣት በተራራ ላይ ከሁሉ ብርቱ ሆኖ ታይቶ ነበር። በፒሬኔ ተራሮች ቁልቁለት ላይ የቡድኑ መሪ አንቶናን ማኝ ጎማው ሲሰበር ቪዬቶ የራሱን የፊት ጎማ ሰጠው፤ እርሱም በመንገድ ዳር ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ፎቶግራፍ ተነሣ። በማግሥቱም መሪው እንደገና ብስክሌቱ ተበላሽቶ መቅረቱን ሲሰማ፣ ቀድሞ ከሄደበት ተመልሶ ወደ ኋላ በመጋለብ ብስክሌቱን አስረከበው። ማኝ አሸነፈ፤ ቪዬቶ 5ኛ ወጣ። ዛሬ ግን ያን ዓመት ማን እንዳሸነፈ ከማያስታውሱት መካከል እንኳ በግንቡ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ፎቶግራፍ የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው። እዚያ ቦታ ላይ ካሜራውን ወደ ልጁ ያዞረ አንድ ሰው ነበረ። በእኛ በኩል የጎደለው ይኸው ነው።

የኤርትራ ዙሪያ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት መቋረጥ በኋላ በ2001 እንደገና ተጀምሯል። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ በቆመችበት በ1956ቱ የሜልበርን ጨዋታም ከስፖርተኞቹ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንሳይ ዙሪያ የተራራ ንጉሥነት ማሊያ ለበሰ፤ በ2024 ቢኒያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ ተመለሰ። ቢኒያም ካሸነፈባቸው ፍጻሜዎች አንዱን በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ እርሱ ከመውጣቱ በፊት ከፊቱ ነፋሱን ሲመቱ ቆይተው የሚያፈገፍጉትን የቡድን ጓደኞቹን ያያል። የእነርሱን ስም ከመካከላችን ስንቶቻችን እንጠራለን?

ነገሩ ስም የመጥራትና ያለመጥራት ብቻ ቢሆን ዓምዳችንን ባልያዝንበት ነበር። ባለፈው ሳምንት የልጁ አባት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ነበር። ለክስ አልመጡም፤ የመጡት ልጃቸው ብስክሌቱን ሊሸጥ መሆኑን ሊነግሩን ነው። «ለጓደኛው ጎማ መስጠቱ ደግ ነው፤ እኔም እንዲህ ብዬ ነው ያሳደግሁት። ግን በወረቀቱ ላይ ያልጨረሰ ተብሎ ተጽፏል፤ ሠፈር ውስጥ ጨርሰሃል ወይ ሲሉት ምን ይበል?» አሉን። ለዚህ የምንሰጣቸው መልስ አልነበረንም። ከክለቦቹም እንደ ሰማነው በየዓመቱ ብስክሌት የሚተዉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠሩት ናቸው። መሪ የሚሆን ወጣት ሞልቷል፤ በዝናብ ውስጥ ጎማውን ፈትቶ የሚሰጥ ከጠፋ ግን መሪውም ከነፋሲት በላይ አይወጣም።

ስለዚህ የምናሳስበው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ዳኞቹ የእሑዱን መዝገብ እንደገና ተመልክተው የዚህን ወጣት ሰዓት ይመልሱለት። የመጨረሻ ይሁን፤ መጨረሻ የወጣ ግን የጨረሰ ነው። ሁለተኛ፣ ከግል ዋንጫው ጎን ለቡድን የሚሰጥ ሽልማት ይቋቋም፤ ይህም አዲስ ፈጠራ ሳይሆን የየቡድኑ የሦስት ጋላቢዎች ሰዓት እየተደመረ በታላላቆቹ ውድድሮች ሁሉ የሚሠራበት ነው። የቡድን ሰዓት ውድድር ላይም ሰዓቱ የሚያዘው አንደኛው መስመሩን ሲረግጥ ሳይሆን ደንቡ የወሰነው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሲደርስ መሆኑን የእኛ ልጆች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በአፍሪካ ሻምፒዮና ደጋግመው ያሸነፉበት ነውና። የሽልማቱ ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ለአሸናፊው ከተሰጠው ላይ ቢከፈል አሸናፊው ራሱ የሚቃወም አይመስለንም። እንዲያውም በታላላቆቹ ቡድኖች ዘንድ መሪው የሽልማት ገንዘቡን ለጓደኞቹ ማካፈሉ የቆየ ልማድ ነው።

ስለ መኪናዋም አንድ ቃል እንጨምር። በጉም ቀን አንዲት መኪና ከኋላ ማስከተል በቂ እንዳልሆነ ታይቷል። ሁለት ሞተር ብስክሌቶች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ጎማ የያዙ፣ አንዱ ከፊተኞቹ አንዱ ከመካከለኞቹ ጋር ቢሄዱ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። በከተማችን ሞተር ብስክሌት ያላቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም፤ ቢጠየቁ እሺ እንደሚሉ እናምናለን።

እኛ በበኩላችን የልጁን ፎቶግራፍ በነገው ዕትማችን እናወጣለን። በጉሙ ውስጥ የተነሣ ስለሆነ እምብዛም ጥራት የለውም፤ ፕላስቲኩን ለብሶ፣ የፈነዳውን ጎማ በትከሻው አንግቦ፣ ከሁለት ወታደሮች መካከል ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ያሳያል። በዚያው እሑድ ተነሥቶ በመሳቢያችን ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ነው።