ለክለባችን ሥራ አመራር ቦርድ፦ ቡድኑን በየክረምቱ ማፍረስ ይብቃችሁ



የግራ መስመር ተከላካያችን ለሌላ ክለብ መፈረሙን እንደማንኛውም ደጋፊ ከፌስቡክ ነው ያነበብኩት። አዲሱን መለያ ይዞ ፈገግ ብሎ ፎቶ ተነስቷል። ስንት ተሸጠ ብዬ ጠየቅኩ። አልተሸጠም አሉኝ። ውሉ ሰኔ 30 አለቀ፣ ያራዘመለት አልነበረም፣ በነፃ ሄደ። ገና በታዳጊነቱ የተቀበልነው፣ በተስፋ ቡድን ያሳደግነው፣ በሁለተኛው ዙር ቦታውን ለማንም ያላስነካ ልጅ ነው። በዚያው ሳምንት እናንተ በእሱ ቦታ የ32 ዓመት ተጫዋች አስፈረማችሁ። ሰውየው ከእኛ በፊት የት የት እንደነበረ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም፤ አንዱንም ክለብ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው የለቀቀው።

ምስጋናውን ላስቀድምና ልገላገል። ባለፈው የውድድር ዘመን ደመወዝ ሳታቆራርጡ ከፍላችኋል፤ የቀደሙትን ዓመታት ለምናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሴቶቹን ቡድንም አላፈረሳችሁም። በመጨረሻው ሳምንት ቢሆንም ሳንወርድ ቀርተናል። አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በየጠቅላላ ጉባኤው የምትሰጡን መልስ አንድ ነው፦ «የደመወዝ ጣሪያው አሰረን።» ጣሪያውን እኛም እናውቀዋለን። ፌዴሬሽኑ በ2011 ክረምት የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስን አብረን ነበርን። ወረቀቱ ላይ 50 ሺህ ተጽፎ ቀሪው በጎን ሲከፈል የማያውቅ የሊጉ ሰው የለም፤ ታዲያ ያ ጣሪያ ማንን ነው ያሰረው? ከ2017 የውድድር ዘመን ወዲህ ደግሞ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የክለቡን ጠቅላላ ወጪ የሚገድብ መመሪያ ይዞ መጥቷል። ይሄኛው ከፊተኛው ይለያል። እናንተ ግን የምትሠሩት ያው በፊት በምትሠሩበት መንገድ ነው።

ገደቡ በአንድ ተጫዋች ላይ ሲሆን ጥያቄው «ለእገሌ ስንት እንክፈል» ነው። ጠቅላላ ወጪው ሲገደብ ግን ለእገሌ የተከፈለው ብር ሁሉ ከሌላው ድርሻ ላይ የተነሳ ነው። በወር 50 ሺህ የሚያገኝ ሰው በዓመት 600 ሺህ ይወስዳል። ከታች ላደገ ልጅ በወር 20 ሺህ ብትከፍሉት እንበል፣ በዓመት 240 ሺህ ነው። ሁለቱ ሜዳ ላይ እኩል ከሆኑ (የእኛ ልጅ ይሻል ነበር፣ ግን ይሁን) 360 ሺህ ብር ተረፈ ማለት ነው። ከሁለት ቦታ እንዲህ ብታተርፉ፣ ባለፈው ዓመት ሙሉ ያጣነውን አጥቂ ታመጡ ነበር። ሁሉም ክለብ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ እንዳያወጣ በሚገደድበት ሊግ አንዱ ሌላውን የሚበልጠው ርካሽና ጥሩ ልጅ በእጁ ስላለ ነው። እናንተ ያንን ልጅ በነፃ ሰጥታችሁ ውዱን ገዛችሁ፤ ከዚያ ጣሪያው አሰረን አላችሁን።

አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል ይህን ጨዋታ ከእኛ በፊት ተጫውተውታል። እዚያ የክለብ ጠቅላላ ደመወዝ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተገድቧል። ካንሳስ ሲቲ በ2020 እ.ኤ.አ. ዋንጫውን ሲያነሳ ዋናው ተጫዋቹ ፓትሪክ ማሆምስ ገና በጀማሪነቱ የፈረመው ርካሽ ውል ላይ ነበር፤ በእሱ ላይ የተረፈው ገንዘብ በዙሪያው ያሉትን ገዛ። የእነሱ ክለቦች የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ የሚያሳይ የሦስትና የአራት ዓመት ሰንጠረዥ ዘርግተው ነው የሚቀመጡት። የእኛ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አለው? ካለው ግድግዳው ላይ ለጥፉትና እንየው።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ብዙ ሊሆን ይችል ነበር። መለያው ከአንድ እጥበት በኋላ መልቀቁ፣ የአባልነት መታወቂያ ለማደስ የምንመላለሰው፣ ለአሰልጣኙ ስንብት የወጣው ሁለት መስመር ደብዳቤ። እነዚህን ሁሉ ልተዋቸው። አንዱን ግን አልተወውም፦ ውል። ለምን አብዛኛው ውል የአንድ ዓመት ነው? ለምን አብዛኛው በአንድ ሰኔ ያልቃል? ሐምሌ ሲገባ ከዋናው ቡድን ግማሹ ውል የለውም። ያኔ ደላላው ስልክ ይደውላል፣ አዲሱ አሰልጣኝ «የኔ ልጆች» የሚላቸውን ስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል፣ እናንተም የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ ትሯሯጣላችሁ። የሚሯሯጥ ገዢ ደግሞ የተጠየቀውን ነው የሚከፍለው። ተጫዋቹስ ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት እዚህ እንደማይኖር እያወቀ ለምን ይሙትላችሁ?

ውጤቱን በቴሌቪዥን አይተነዋል። ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረበት ከ2013 ወዲህ ቡድናችንን የምናየው በካፌ ቴሌቪዥን ማኪያቶ ይዘን ነው። ባለፈው የውድድር ዘመን በሦስተኛው ሳምንት የተቆጠረብንን ጎል አስታውሱት። ከመሐል ረጅም ኳስ መጣ፤ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮቻችን ሁለቱም ወደ ኳሱ ወጡ፣ ግብ ጠባቂው ወጥቶ ቆመ፣ አጥቂያቸው ባዶ ግብ አገኘ። ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚሸፍን አልተነጋገሩም፤ ከተዋወቁ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ መግባባት ሲጀምሩ ዘጠኝ ነጥብ ወደ ኋላ ቀርተን ነበር። ከዚያ ሰኔ ላይ ሁለቱንም ሸኘናቸው!

ይህ የእናንተ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ሊጉ እንዳለ እንዲህ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት፣ በ2010፣ ሻምፒዮን ሆነ፤ አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ በማግሥቱ ዓመት ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደው ዋንጫ አነሱ፤ ጅማ በ2014 ወረደ። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ነበር፣ በ2011 ወረደ። አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ በጀት ደግሞ የሚጸድቀው ለአንድ ዓመት ነው፤ እንግዲህ ሁሉም ሰው የዘንድሮን ብቻ ያስባል። ከንቲባ ሲቀየር ቦርድ ይቀየራል፣ ቦርድ ሲቀየር አሰልጣኝ ይባረራል፣ አሰልጣኙ ሲባረር ተጫዋቹ ይበተናል። ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ፌዴሬሽን ሄዶ ይከሳል፣ ክለቡ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይታገዳል። ይህን ሁሉ እያየን «የተጫዋች ዋጋ ናረ» እንላለን። ያናረው ማነው?

ግን በዚሁ ሊግ ሌላም አይተናል። ኢትዮጵያ ቡና አቡበከር ናስርን ገና ወጣት ሳለ ያዘው፣ አጫወተው፣ ታገሠው። በ2013 በ29 ግብ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2014 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ወሰደው። ያ ክለብ ከቡና ጋር ለድርድር የተቀመጠው ልጁ ገና ውል ስለነበረው ነው። የእኛን ተከላካይ የወሰደው ክለብ ግን ለእናንተ መደወል እንኳ አላስፈለገውም።

እኔ ተዓምር አልጠየቅኩም። ከተስፋ ቡድን ለሚያድግ ልጅ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ውል ስጡት። አንድ ዓመት ሲቀረው ወይ አድሱለት ወይ ሽጡት። የዋናው ቡድን ውል ሲሦው በየዓመቱ ይለቅ እንጂ ሁሉም በአንዴ አይለቅ። አዲስ አሰልጣኝ ስትቀጥሩ ስንት ሰው ማስፈረም እንደሚችል ገና ሲፈርም ንገሩት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአማካዩን ጉዳይ ጨርሱ። የትኛውን እንደምል ታውቃላችሁ፤ ከግራ ተከላካዩ ጋር በአንድ ዓመት ያደገውን ነው። የእሱም ውል በመጪው ሰኔ ያልቃል፣ ሌሎች ክለቦች ቤተሰቡን እያናገሩ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ሊጉ ሳይጀመር አስጠሩትና የሦስት ዓመት ውል አቅርቡለት፤ ደመወዙን እጥፍ ብታደርጉለትም ከ50 ሺህ ብር በታች ነው። እምቢ ካለም ስንት እንደጠየቀና ስንት እንዳቀረባችሁለት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የክለቡ የረጅም ጊዜ አባልና ደጋፊ