እምቦጭን የሚመግበው ምንድን ነው?

እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መከሰቱ በይፋ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ አረሙን ለማጥፋት ብዙ ተደክሟል። ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል፤ የማጨጃ ማሽኖች ተገዝተዋል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተዋል። ይሁን እንጂ አረሙ በተነቀለበት ቦታ ተመልሶ ሲበቅል ይታያል። ምክንያቱን ለመረዳት ሕይወት ያላቸው ነገሮች ኃይልን ከየት አግኝተው እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማወቅ ይገባል።

የሐይቁ ሕይወት ዋነኛ የኃይል ምንጭ ፀሐይ ናት። በዓይን የማይታዩ አልጌዎች የፀሐይን ብርሃን በብርሃን አስተፃምሮ ወደ ምግብነት ይለውጣሉ። አልጌዎቹን ጥቃቅን እንስሳትና እንደ ቆሮሶ ያሉ ዓሦች ይመገባሉ፤ እነዚህን ደግሞ ትልልቅ ዓሦች፣ ወፎችና ሰዎች ይመገቧቸዋል። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን በሚኒሶታ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፉ፣ ኃይል ከአንዱ ተመጋቢ ወደ ሌላው በተሸጋገረ ቁጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ አስረድቷል። በግምታዊ ስሌት ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፈው አንድ አሥረኛው ያህል ነው። በአልጌ ውስጥ 1,000 ካሎሪ ቢኖር አልጌውን ለሚበላው እንስሳ 100፣ ያንን እንስሳ ለሚበላው ዓሣ ደግሞ 10 ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከታች የሚደርስ ጉድለት ከላይ ያለውን ሁሉ ያስርባል።

የእምቦጭ ጉዳትም የሚጀምረው ከዚሁ ከታችኛው ደረጃ ነው። የውሃውን ገጽ እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ብርሃኑን ለራሱ ሲወስድ ከሥሩ ያሉት አልጌዎች ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ሲሞት ደግሞ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ያሟጥጡታል። በጣና ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎችም ሆኑ በታንኳ የሚያሰግሩት ዓሣ አጥማጆች ዕጣቸው ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሆኖም ፀሐይ ከእምቦጭ በፊትም ነበረች። አረሙን እንዲህ ያፋፋው ከፀሐይ በተጨማሪ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ኃይል በሙቀት መልክ ወጥቶ ይሄዳል፤ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ግን ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ ውሃና ወደ ደለል እየተዘዋወሩ ይኖራሉ። ጉማራ፣ ርብና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞች በየክረምቱ ከማሳ የታጠበ አፈር ወደ ሐይቁ ያስገባሉ፤ ከከተሞች የሚወርድ ፍሳሽም ይጨመርበታል። የታጨደው አረም ከዳር ተከምሮ ሲበሰብስ ደግሞ የያዘውን ንጥረ ነገር ዝናብ መልሶ ወደ ውሃው ያጥበዋል።

ይህ ማለት ማጨዱ ይቁም ማለት አይደለም። የታጨደው ከዳርቻው ርቆ ከተወሰደ ንጥረ ነገሩም አብሮ ስለሚወጣ ሥራው ፍሬ አለው። ነገር ግን በተፋሰሱ እርከን ካልተሠራ፣ በወንዝና በሐይቅ ዳር ደንገልና ሌላው ዕፅዋት ካልተጠበቀ፣ የከተማ ፍሳሽ ካልተጣራ የአረሙ ማዕድ እንደተዘረጋ ይኖራል። በእርከን የሚቀረው አፈር የገበሬውም ሀብት ስለሆነ ሥራው ለሐይቁ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። እንግዲህ ለጣና ገንዘብ የሚያዋጣ ሁሉ ስንት ሄክታር እንደታጨደ ሲጠይቅ፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ደለልና ፍሳሽ ምን ያህል እንደቀነሰም አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።